አማትየዋ ያልተኛችበት አልጋ

«እኛ በከንቱ ነው የምንለፋው እባክህ። ጨረታው እንደሆነ ካለቀ ቆይቷል። አማትየዋ ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጣለች።»

ይህን የሚለው ሰው ከሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ወዲያ ነበር። ሲስተር ሪስፐር ደግሞ ከቆርቆሮው ወዲህ፣ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት በተዘረጋችው ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ማንዳዚ የሚባለውን የአሥር ሺሊንግ የተጠበሰ ዳቦዋን በሃያ ሺሊንግ ሻይዋ ውስጥ እያጠቀሰች ትበላለች። የሰው ወሬ ጆሮ ጥሎ መስማት ልማዷ አይደለም፤ ግን ሐይቅ ዳር ባለችው በኪሱሙ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወሬ ላለመስማት ጆሮን ቤት ጥሎ መምጣት ያስፈልጋል። የሰውየው ድምፅ የደከመ ድምፅ ነው። ለሆስፒታሉ ጨረታ የሠራውን አልጋ በእጅ ጋሪ ጭኖ ከኪቡዬ ገበያ ድረስ በዚያ አቀበት እየገፋ እንዳመጣው፣ ለባለጋሪው ሦስት መቶ ሺሊንግ እንደከፈለ፣ ሚስቱ «ተው ይቅርብህ፣ የመንግሥት ጨረታ ዘመድ ላለው ነው» ብትለው አልሰማ እንዳላት ይዘረዝራል። ባለጋሪው ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ እያኘከ «እህ» ይላል። ሪስፐር ሰውየውን ሳታየው አዘነችለት። አድልዎ ስትሰማ ሆዷ የሚቃጠል ሴት ናት፤ በበሽተኞች ወረፋ መሐል ዘመዱን ያስገባ ዘበኛ እንኳ ከእሷ ምላስ አያመልጥም። እንዲያውም እዚያው እንደተቀመጠች፣ እሷም ያለችበት ኮሚቴ ዛሬ ሲሰበሰብ ይህን ጉዳይ ሳታነሣ እንደማትውል፣ ያችንም ዓይነ ደረቅ አማት ፊት ለፊት እንደምታሳፍራት ለራሷ ቃል ገባች።

«ለመሆኑ ማናት እሷ?» አለ ባለጋሪው፣ ቻፓቲው ሲያልቅ።

«የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ናት አሉ። ያ የኮንዴሌ ሰፈሩ በያጅ፣ ኦጎላ የሚሉት፣ ልጇን ነው ያገባው።»

ማንዳዚው ሻዩ ውስጥ ቀረ። ሆስፒታሉ አንድ ዋና ነርስ ነው ያለው፤ እሷም ራሷ ሪስፐር ናት። ኦጎላም የአንድ ልጇ የአዊኖ ባል ነው። የብረት አልጋ እየበየደ እንደሚሸጥ ታውቃለች፤ ለሆስፒታሉ አልጋ መጫረቱን ግን ገና አሁን ከቆርቆሮ ማዶ መስማቷ ነው። የጨረታው ሣጥን ባደባባይ ተከፍቶ የየተጫራቹ ዋጋ ሲነበብ እሷ ተረኛ ነበረች፤ ኮሚቴ ውስጥ የገባችውም ከዚያ በኋላ ነው፤ የተነበበውም ቢሆን የድርጅት ስም እንጂ የሰው ስም አልነበረም። እና እሷ ምንም ሳታውቅ፣ ከኪቡዬ እስከ ኮንዴሌ ያለ በያጅ ሁሉ ስሟን ከማንዳዚ ጋር እያኘከው ከርሟል።

የሻዩን ሒሳብ ከፍላ ከሾላው ዛፍ ሥር ቆመችና ለልጇ ደወለች።

«አዊኖ፣ ባልሽ የሆስፒታሉን አልጋ ተጫርቷል?»

ከስልኩ ወዲያ የብየዳ ድምፅ ይንጣጣል። ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማና ጸጥ አለ።

«ማን ነገረሽ?»

«ከተማው ሁሉ። ያልነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ እንንገራት አልኩት፣ ማማ። እሱ ነው እምቢ ያለው። ‹ለአማቴ ምን ብዬ ነው አልጋ የሚል ቃል የማነሣው?› አለ። ነውር ነው አለኝ።»

ሪስፐር ልትቆጣ ነበር፤ ግን ኦጎላ እውነቱን ነው። በእኛ በሉዎ ሕዝብ ዘንድ አማችና አማት በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም፤ እሱ የእሷን መኝታ አያይም፣ እሷም የእሱ አልጋ ላይ አትቀመጥም፤ ስለ መኝታ ነገር በመካከላቸው ወሬ አይነሣም። የሌላ አገር ሰው ይስቅብን ይሆናል፤ ይሳቅ። ይህ ልጅ ለሰባት ዓመት አክብሯት ኖሯል፤ መንገድ ላይ ሲያያት ኮፍያውን አውልቆ ወደ ማዶ ይሻገራል። አሁን ያ አክብሮቱ ነው ጉድ ውስጥ የከተታት። አልጋ መሸጥ ነውር ካልሆነ፣ አልጋ እሸጣለሁ ማለት እንዴት ነውር ይሆናል ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ ግን መልሱን ራሷም አታውቀውም።

«ማማ፣ ስሚኝ» አለች አዊኖ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እባክሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ዘመድ መሆናችሁ ከታወቀ አውጥተው ነው የሚጥሉት። ይሄ ካልሆነልን ሱቁን ዘግቶ ናይሮቢ ለሰው ሊበይድ ይሄዳል። ጨርሷል፣ ወስኗል። እኔና ልጆቹን ለማን ጥሎ?»

ሪስፐር ስልኩን ዘጋችው። ናይሮቢ ለሰው ሊበይዱ የሄዱ ባሎችን ታውቃለች። አንዳንዶቹ ለገና ይመጣሉ። የሷ ባል መጀመሪያ ለገና ይመጣ ነበር፣ በኋላ ለቀብር ብቻ፣ በመጨረሻ ለራሱ ቀብር መጣ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው በድሮው የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ከተለቀቀ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ የተሳለው ቀጭኔ ግን አንገቱ ተልጦ አሁንም አለ። ስድስት አልጋዎች ተደርድረዋል። በየእግራቸው ላይ በካርቶን የተጻፈ ቁጥር ታስሯል እንጂ ስም የለም፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ኮሚቴ ውስጥ ያልገባው ኦዲተር ብቻ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አልጋው በማስታወቂያው ላይ በወጣው ልክ መሆኑ በሜትር ይለካል፣ ቀጥሎ የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል፣ ቀጥሎ የግዥ ኃላፊው ኦዴሮ ሦስት ጊዜ ይቀመጥበታል። ኦዴሮ ተራ ሰው አይደለም፤ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ባለባጃጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል በተራ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ይተኛል፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይገላበጣል፣ ነጥብ ይሰጣል። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ሪስፐር ናት። ባለፈው ጊዜ በወረቀት ብቻ ታይተው የተገዙት አልጋዎች ወገባቸው ተሰብሮ፣ አንዲት አሮጊት ከነጉሉኮሷ ወለል ላይ የወደቀች ዕለት፣ «በሽተኛ የሚተኛበትን ሳትተኙበት አትፈርሙም!» ብላ ሆስፒታሉን በጩኸት ያናወጠችው እሷ ነበረች። አሁን ያ ያወጣችው ደንብ ተመልሶ እሷኑ ያዛት።

ሰብሳቢው ዶክተር ኪቤት ዝምተኛ የደጋ ሰው ነው፤ ከኬሪቾ የሻይ ተራሮች ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከተጫራቾች ጋር ዝምድናም ጥቅምም የለኝም የሚለውን ወረቀት አዙሮ ሰጣቸው። ኦዴሮ ቀድሞ ፈረመና፣ እንደ ልማዱ በተወለደችበት አገር ስም እየጠራት፣ ብዕሩን ወደ ሪስፐር ገፋው።

«ፈርሚ እንጂ፣ የኡዮማ ልጅ! ዛሬ እንኳ መንግሥት ተኝታችሁ ዋሉ ብሎናል፣ ምን ያዘገይሻል?»

ብዕሩን አነሣች። ዓይኗ ሳትፈልግ ወደ አልጋዎቹ ሄደ። አንደኛው ማዕዘኑ ክብ ሆኖ የተበየደ ነው፤ የልጅ ልጇ የምትተኛበት አልጋ ማዕዘኑ እንደዚህ ይመስላታል። ቶሎ ብላ ወደ ቀጭኔው ዞረች። ዝም ልበል ብላ አሰበች። ማን ያውቃል? ዓይኔን ጨፍኜ ስድስቱም ላይ ልተኛና የተሰማኝን ልጻፍ። ግን ማዕዘኑን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ከፍ ያለ ነጥብ ብትሰጠው ለልጇ ስትል ያንን ድምፁ የደከመ ሰው መበደሏ ነው። ዝቅ ብታደርግበት ደግሞ ለስሟ ስትል ኦጎላን መበደሏ ነው። ትክክለኛውን ነጥብ ብትጽፍ እንኳ ትክክለኛ መሆኑን ራሷ ልታምን አትችልም። ይህ ሁሉ ቢቀር፣ ከስድስቱ አንዱ የአማቿ አልጋ ነው፤ እሱ ላይ በጀርባዋ ልትንጋለል ነው። እናቷ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ የምትላት መሰላት። ፈራች። ከፈራችው ሁሉ ደግሞ የአዊኖን ድምፅ ፈራች። «እኔና ልጆቹን ለማን ጥሎ?»

ብዕሩን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ እኔ እነዚህ አልጋዎች ላይ መተኛት አልችልም።»

«ወገብዎን አሞዎት ነው፣ ሲስተር?»

«ወገቤ ደህና ነው። ከነዚህ አልጋዎች አንዱን የሠራው የልጄ ባል ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። መጫረቱንም ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ነው።»

በወሬው መሐል አራተኛው አልጋ ጫፍ ላይ አረፍ ብሎ የነበረው ኦዴሮ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ።

«ኧረ ጉድ! የኡዮማ ልጅ፣ ልትተኚበት ነበር እኮ!»

ዶክተር ኪቤት አንዴ እሷን አንዴ ኦዴሮን አየ። ዝምድናው ገብቶታል፤ የኦዴሮ ድንጋጤ ነው ያልገባው። ኦዴሮ ወጉን አስረዳው፤ ሲያስረዳም ላብ በላብ ሆነ። ዶክተሩ ትንሽ አሰበና፣ «ግን እኮ አዲስ አልጋ ነው። ገና ማንም አልተኛበትም» አለ።

«ዶክተር፣ እርስዎ የሻይ አገር ሰው ነዎት። ይህን ለኛ ይተዉት።»

«ወጉን እንተወው» አለች ሪስፐር። ያልፈረመችበትን ወረቀት ወደ ዶክተሩ መልሳ ገፋችው። «ወጉ ባይኖርም መውጣት አለብኝ። ግን ሳልወጣ አንድ ነገር ንገሩኝ። እኔ ይህን በመናገሬ ልጁ ይወድቃል?»

ኦዴሮ ከእያንዳንዱ ኪሱ መሐረብ ይፈልጋል። ሪስፐር በዚያች ጊዜ ውስጥ ልጇን፣ ሁለቱን የልጅ ልጆቿን፣ የተዘጋውን ሱቅ፣ የናይሮቢውን አውቶቡስ ሁሉንም አየቻቸው። በመጨረሻ ኦዴሮ መሐረቡን አገኘና ግንባሩን ጠረገ።

«ለምን ይወድቃል? ሕጉ የሚለው ዘመድ የሆነው ገምጋሚ ይውጣ ነው። ተጫራቹ ይውጣ አይልም። ደብቀሽ ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺንም እሱንም ነበር የምንጥላችሁ። እኔው ራሴ ነበርኩ የምጥላችሁ።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። የተባለው በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ በሪስፐር ቦታ የወሊድ ክፍሏ ሲስተር ተጠራች፣ ሪስፐርም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ግማሹ ወርዶላታል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ስልኩን ከዘጋችባት ልጇ ጋር ገና ይጠብቃታል።

የሪስፐር ቤት ከዚያ ከሕፃናት ክፍል ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዷ ክፍል ናት። መጋረጃ ለሁለት ከፍሏታል። በወዲህ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና ምድጃ፣ በወዲያ አልጋዋ። የአልጋው አንድ እግር ከተሰበረ ቆይቷል፤ በምትኩ ሁለት ጡብ ገብቶለታል። ስትገላበጥ ጡቡ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሪስፐር ለዓመታት በአንድ ጎኗ ብቻ ተኝታ ኖራለች። ልጇ የአልጋ ሠሪ ሚስት ሆና እናቷ ጡብ ላይ መተኛቷ ለጎረቤት የማያልቅ ቀልድ ነው። ኦጎላ ለአማቱ አልጋ አይሠራም፤ ሪስፐርም ከሌላ በያጅ ብትገዛ አማቿን ንቃ የሄደች ያስመስልባታል። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይል ጡቡ እዚያው ቀረ። ብዙ ቤተሰብ በእንደዚህ ዓይነት ጡብ ላይ ይኖራል።

አዊኖ በምሳ ሰዓት በባጃጅ መጣች። ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና ኦሜና የሚሉትን የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ቋጥራ ይዛለች፤ ተናድዳም ቢሆን እናቷን ባዶ እጇን አትጎበኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መጋረጃው ባልተዘጋበት በኩል ጡቡን አየችው። ትንንሾቹ ዓሦች በሳህኑ ላይ እየቀዘቀዙ ሁለቱም አልነኳቸውም። የሕፃናቱ ክፍል ግድግዳ ቅርብ ነው፤ የአሸዋ ከረጢት አልጋ ላይ ሲወድቅ ድም ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና ድም። በየድምፁ የአዊኖ ትከሻ ይነሣና ይወርዳል።

«ነገርሻቸው፣ አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ነገርኳቸው።»

«በቃ፣ አለቀ።»

«አላለቀም። የባልሽ የጨረታ ወረቀት አልወደቀም። አልጋው እዚያ ውስጥ ነው፤ እኔ ነኝ የወጣሁት።»

አዊኖ ልታምናት ፈለገች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። እናቷ ግን ከዚህ በፊትም ብዙ ትክክለኛ ነገር ሠርታለች፤ በትክክለኛ ነገር የተሞላ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፣ ያውም ያለ አባት። በዚህ መሐል ከግድግዳው ወዲያ ኃይለኛ የብረት ኳኳታ ተሰማ። ቀጥሎ የአንድ ግዙፍ ሰው ጩኸት፣ ከጩኸቱ ቀጥሎ ሳቅ።

«ኦዴሮ ወደቀ» አለች ሪስፐር።

«በማን አልጋ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

አዊኖ የእናቷን ጉልበት ያዘች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ይዛት አታውቅም። «እሱ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ ነው የሚበይደው» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው፣ ማማ። ኤሌክትሪክ ጨረስክ ብዬ እጨቀጭቀዋለሁ።» ሪስፐር እጇን በልጇ እጅ ላይ አደረገች። በኋላ አዊኖ ጡቡን እያየች፣ «ይሄ ነገር ገና እዚህ ነው?» ስትል፣ ሪስፐር «የት ይሂድ ብለሽ ነው?» አለች፤ ሁለቱም ድንገት ሳቁ፤ ቀዝቃዛውን ዓሣ በሉት።

ወደ ማታ ፀሐዩ ሲበርድና የሐይቁ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር፣ ተጫራቾቹ ከሆስፒታሉ በር ላይ ተሰበሰቡ። በምርመራው የወደቀ አልጋ በዚያው ዕለት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የወደቀበትም ምክንያት በሰው ሁሉ ፊት ይነገራል። ያለፈው አይወጣም። ስለዚህ እዚያ የቆመ ሁሉ የሚጸልየው አልጋውን ላለማየት ነው። ኦጎላም ቆሟል፤ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ክንዱ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ አለበት። አማቱን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና ወደ መንገዱ ዳር ፈቀቅ አለ። ሪስፐርና አዊኖ ከበሩ በወዲህ፣ እሱ ከበቆሎ ጠባሿ አጠገብ፣ በመካከላቸው አስፋልቱ።

ኦዴሮ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ክርኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎለት ወጣ። የመጀመሪያው አልጋ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ እግሩ ታጥፎ ጉልበቱ ላይ የተንበረከከ ይመስላል። «ይኼ ነው የጣለኝ» አለ ኦዴሮ። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ማንንም ሳያይ መኪናው ላይ አስጫነው። ሁለተኛው አሸዋው ሲጫንበት ወገቡ ጎብጧል። ሦስተኛው ጠርዙ ስላልተሞረደ የወሊድ ክፍሏን ሲስተር ጋውን ቀዶታል፤ የተቀደደውም ጋውን አብሮ ለማስረጃ ወጣ። አዊኖ ሦስቱ ሲያልፉ እፎይ አለች፣ ግን አራተኛው ሲወጣ የእናቷን ክንድ ጨመቀች። የኦጎላ አይደለም። አንድ አጭር፣ ሪዙ የሸበተ ሰው፣ «የኔ ነው» ብሎ ወደፊት መጣ። ሪስፐር ድምፁን ለየችው። የቆርቆሮው ማዶ ሰው ነው።

«ዋንዴራ፣ አልጋህ ጠንካራ ነው» አለ ኦዴሮ። «ሦስት ጊዜ ስቀመጥበት ድምፅ አላሰማም። ግን አጥሯል። ነርስ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ትውላለች።»

«አላጠረም! በማስታወቂያው ልክ ነው የሠራሁት። ራሴ ለክቼዋለሁ!»

ኦዴሮ ሜትሩን ከአንገቱ ፈትቶ ሰጠው። «አንተው ለካ።» ዋንዴራ ተንበርክኮ ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ ሳይነሣ ቀረ።

«እኔ የለካሁት ፍራሽ አድርጌበት ነበር» አለ።

«ማስታወቂያው ያለ ፍራሽ ይላል።»

«ይላል» አለ ዋንዴራ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ሜትሩን መለሰ። ያዘነ ሰው ፊት ነበረው፤ የተበደለ ሰው ፊት ግን አልነበረም፤ እነዚህ ሁለት ፊቶች እንደሚለያዩ ሪስፐር በሥራዋ ታውቃለች።

ኦዴሮ «ሌላ የሚወጣ የለም» ብሎ እጁን አራገፈ። አዊኖ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ዋንዴራን አይታ በእጇ ከደነችው። ከማዶ ኦጎላ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ቆሟል። በቆሎ ጠባሿ አንድ እሸት በነፃ አቀበለችው።

ዋንዴራ ጋሪው ላይ ተደግፎ፣ ወደ ኦጎላ ዞሮ ጮክ ብሎ ማስላት ጀመረ። «የቀሩት አንተና የናኩሩው ድርጅት ናችሁ። ዋጋው ሣጥኑ ሲከፈት ሁላችን ፊት ተነቧል። ያንተ ያንሳል። ደብዳቤው ሳይመጣ አትጨፍር እንጂ፣ ያንተ ነው።» ከዚያም ጨመረ፣ «ድሮስ አማትህ እዚያ ተቀምጣ…»

«አማቱ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ናት!» አለ ኦዴሮ፣ ክርኑን እያሻሸ። «በራሷ አንደበት ተናግራ ወጣች። የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። የወደቅሁትም እኔ ነኝ!»

«እውነትህን ነው? የታለች?»

«እኔ ነኝ» አለች ሪስፐር።

ዋንዴራ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማማ… እኔ እኮ ጠዋት ሻይ ቤት ሆኜ…»

«ሰምቼሃለሁ። ከቆርቆሮው ወዲህ ነበርኩ። እንኳን ተናገርክ። ባትናገር ኖሮ ሳላውቅ ፈርሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እኔም እሱም ጉድ ነበርን።» ይህን ስትል የጠዋቱ ሸክም የቀረው ግማሽ ወረደላት። የልጇ ቤት አይበተንም። ስሟም ከማንዳዚ ጋር አይታኘክም። ሁለቱንም በአንድ ቀን አገኛለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ዓይኗ የጋሪው አጠገብ በቆመው አጭር አልጋ ላይ አረፈ። «ይህ አልጋ ለሆስፒታል አጠረ እንጂ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት አላጠረም። ስንት ትለዋለህ?»

ዋንዴራ ዓይኑን አሻሸ። «ዘጠኝ ሺህ።»

«ስድስት።»

«ማማ፣ ብረቱ ብቻ እኮ…»

ሰባት ሺህ ተኩል ላይ ተገናኙ። ሪስፐር ወደ ኦዴሮ ዞረች። «አንተ የግዥ ሰው፣ ይህ ይቻላል?»

«እሱ ወድቋል፣ አንቺም ከኮሚቴው ወጥተሻል። ምን ይከለክልሻል? ግን ደረሰኝ ተቀበይ።»

ኦጎላ ከማዶ ሆኖ ለሚስቱ በእጁ ምልክት አደረገላት። አዊኖ ተሻግራ ሰምታው ተመለሰች። «ማማ፣ እሱ አልከፋኝም፣ እኔ ልክፈልላት ይላል። የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ነውር የለውም ይላል።»

«ለባልሽ ንገሪው» አለች ሪስፐር፣ እሱም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ጨረታው ሳያልቅ አማች ለአማቱ አልጋ ከገዛማ፣ እኔ ጠዋት ለምን ወጣሁ? አመሰግናለሁ በይው። ደግሞም ሁለት ጊዜ መበየዱን አይተው በይው።»

ስልኳን አወጣች፣ ገንዘቡን ልትልክ የዋንዴራን ቁጥር ጻፈች፤ ከዚያ ጣቷን አቆመች። «ቆይ። ሳልተኛበት አልከፍልም። ደንቡ የራሴ ደንብ ነው።» ጫማዋን አወለቀች። ኦጎላ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው የያዘውን በቆሎ ጥሎ ከጠባሿ ዳስ ጀርባ ሮጠ፤ ጀርባውንም ሰጥቶ፣ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ ቆመ። ሪስፐር በሆስፒታሉ በር ላይ፣ በባጃጅና በሰው ፊት፣ ርብራቡ ላይ ፍራሽ እንኳ ሳይነጠፍ ነጭ ጋውኗን ሰብስባ በጀርባዋ ተኛች። ወደ ቀኝ ተገላበጠች። ከዚያ ለዓመታት ወዳልዞረችበት ወደ ግራ ጎኗ ዞረች። የሚንሸራተት ነገር የለም። አልጋው ዝም አለ። ሰማዩ ወደ ሐይቁ በኩል ቀልቷል፤ ከሆስፒታሉ ጣሪያ በላይ ነጭ ወፎች ወደ ማደሪያቸው ይሄዳሉ።

ኦዴሮ ብዕሩን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እሺ፣ የኡዮማ ልጅ፣ ስንት ነጥብ ትሰጪዋለሽ?»

መልስ የለም። ዋንዴራ ጎንበስ ብሎ አያት፣ አዊኖም ጎንበስ አለች።

«ማማ? ተኛሽ እንዴ?»

«ዝም በሉ እስቲ» አለች ሪስፐር፣ ዓይኗን ሳትከፍት። «ገና እየገመገምኩ ነው።»